በአደራ የተረከበው ሞተር ሳይክል፦ አራት የዒድ ቀናት በአንድ ግቢ ጥላ ሥር

ጂዳ፦ ቴምሩ ተቀምሶ፣ የዒድ አል-ፊጥር ሶላት ተሰግዶ፣ ዘመድ ወዳጅ ከተጠየቀ በኋላ አብዛኛው ሠራተኛ የሚመኘው እንቅልፍ ነው። በደቡባዊ ጂዳ በሚገኝ አንድ የሠራተኞች መኖሪያ ግቢ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ግን በዒዱ ማግሥት ከፈጅር ሶላት በኋላ አልተኛም። ከግንቡ ጥላ ሥር ካርቶን ዘርግቶ፣ አሮጌ ጨርቅ አንጥፎ፣ አንዲት ያረጀች 125 ሲሲ ሞተር ሳይክል በመቆሚያዋ አቆመ። ከጎኗ ጥቂት ቁልፎች፣ ሁለት ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳ፣ ብሩሽና በቆርቆሮ የተቀዳ ነጭ ጋዝ ደረደረ። ጀምበሯ ግንቡን እስክታልፍ ድረስ ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነ ሥራውን ለመጀመር አልዘገየም።

በኢስቲማራው፣ ማለትም በባለቤትነት መታወቂያው ላይ የሰፈረው የእርሱ ስም ነው። ሞተሯ ግን የእርሱ አይደለችም። ንብረትነቷ ከደቡብ ወሎ አብሮት ያደገ ወዳጁ ሲሆን፣ ወዳጁ ከአሥራ አራት ዓመት የስደት ሥራ በኋላ ረመዷን ከመግባቱ በፊት በኹሩጅ ኒሃኢ ጠቅልሎ ወደ አገሩ ገብቷል። ከመሄዱ በፊት ሞተሯን ለመሸጥ ቢሞክርም ያሰበውን ዋጋ የሚሰጥ አላገኘም። ስለዚህ ስሙን ወደ ወዳጁ አዛውሮ፣ ሸጦ ገንዘቡን እንዲልክለት በቃል ብቻ አደራ ብሎት ሄደ። ገንዘቡ የታሰበው ክረምት ሳይገባ ለሚመታ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ነበር። በሁለቱ መካከል የተጻፈ ወረቀት የለም፤ የመንግሥት መዝገብ የሚያውቀው ባለቤት ደግሞ ባለአደራውን ብቻ ነው። እውነቱን የሚያውቁት ሁለቱ ሰዎችና ፈጣሪያቸው ናቸው።

በረመዷን አጋማሽ ሞተሯን ወደ አንድ ጋራዥ ወስዶ አስገምግሟት ነበር። ለሙሉ ጥገና የተጠየቀው 900 ሪያል ነው። ባለችበት ሁኔታ ደግሞ ከ1,000 ሪያል በላይ የሚሰጥባት አልተገኘም። አንድ በመጋዘን ጥበቃ የሚሠራ ሱዳናዊ ግን በደንብ ከሠራች 2,200 ሪያል እንደሚከፍል ቃል ገባ። ስሌቱ ግልጽ ነበር፤ የጋራዡ ሒሳብ ከተከፈለ ከቆርቆሮው ግማሽ ያህሉ በመንገድ ይቀራል። ባለአደራው በወጣትነቱ በኮምቦልቻ ከአንድ መካኒክ ሥር ረዳት ሆኖ ሠርቷል። እጁ ሥራውን ከተወ ብዙ ዓመት ቢሆንም ፈጽሞ አልረሳውም። የሳዑዲ ዓረቢያ የሥራ ሕግ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ለዒድ አል-ፊጥር የሚሰጠው ከነክፍያው አራት ቀን ነው። አንዱን ለዒዱ፣ ሦስቱን ለአደራው ሊያውለው ወሰነ።

ለቸልተኛ ባለቤት የተሠራ ሞተር

ሞተሯ የሆንዳ ሲጂ 125 ዓይነት ናት። ይህ ሞዴል ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ ሲነደፍ የታሰበው ለሀብታም አገሮች አውራ ጎዳና አልነበረም። የጃፓኑ አምራች መሐንዲሶች ኢራንን፣ ፓኪስታንንና ታይላንድን በመሳሰሉ አገሮች ሞተር ሳይክል እንዴት እንደሚያዝ አጠኑ። ያዩትም ከአቅም በላይ የሚጫን፣ በአቧራ የሚነዳ፣ ዘይቱ ሳይቀየር ወራት የሚያልፉበት ሞተር ነበር። በዚያ ዘመን የነበሩት ቀልጣፋ ሞተሮች ቫልቭ የሚያንቀሳቅሰውን ዘንግ ከሲሊንደሩ አናት ላይ ያስቀምጡታል፤ ይህም ንጹሕ ዘይት በየጊዜው ይጠይቃል።

መሐንዲሶቹ ወደ ቀደመው ቀላል አሠራር ተመለሱ። ዘንጉን ወደ ታች አውርደው በጥርስ እንዲዞር አደረጉት፤ ከእርሱም ተነስተው ቫልቮቹን የሚገፉ ሁለት ቀጫጭን በትሮች አቆሙ። የሲሊንደሩ ስፋት 56.5 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 49.5 ሚሊ ሜትር፣ አጠቃላይ ይዘቱ 124 ሲሲ ነው። ማቀዝቀዣው ነፋስ፣ ማስነሻው የእግር ርግጫ ነው። ሞዴሉ በብራዚል ማናውስ ከተማ ከ1976 ጀምሮ ተመርቷል፤ በፓኪስታንም ለአሥርት ዓመታት ሲመረት ቆይቷል። የእርሱን አሠራር የተከተሉ የቻይና ሞተሮችም ከእስያ እስከ አፍሪካ ገበያውን ሞልተውታል። በዚህ ምክንያት በጂዳ የተማሩት ጥገና በኮምቦልቻም ሆነ በጅማ ያገለግላል።

ፒስተን የሚመላለስበትና ዘንግ የሚሽከረከርበት ይህ ጥምረት ለሙስሊሙ ዓለም እንግዳ አይደለም። በዲያርበክር በአርቱቂዶች ቤተ መንግሥት ያገለገለው በዲዕ አዝ-ዘማን አል-ጀዘሪ እ.ኤ.አ. በ1206 ባጠናቀቀው የመሣሪያዎች መጽሐፉ፣ የሚሽከረከርን እንቅስቃሴ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወደሚመላለስ እንቅስቃሴ የሚለውጥ የውሃ መሳቢያ ከነሥዕሉ አስቀምጧል። አል-ጀዘሪ የዘመኑ ታላቅ መሐንዲስ ብቻ ሳይሆን በእጁ የሚሠራ ባለሙያም ነበር።

የመጀመሪያው የሥራ ቀን፦ እጥበትና ዘይት

ባለአደራው ሥራውን የጀመረው በእጥበት ነው። የባትሪውን ነጌቲቭ ሽቦ አስቀድሞ ነቀለ፤ ከዚያም ሞተሩን በነጭ ጋዝና በብሩሽ አሸ። እጥበት ለውበት ብቻ አይደለም። ቆሻሻ የለበሰ ሞተር ዘይት ከየት እንደሚያፈስ አያሳይም፤ የላላ ዳዶ ወይም የተሰነጠቀ ቱቦም በጭቃና በግራሶ ሥር ይደበቃል። የጂዳ አየር ከቀይ ባሕር የሚመጣ ጨውና እርጥበት የተሸከመ በመሆኑ፣ ጥቂት ወራት ያልታጠበ ብረት በቶሎ ይዝጋል።

ቀጥሎ ሞተሩን አስነስቶ ለአራት ደቂቃ ያህል አሞቀው። የሞቀ ዘይት ቀጥኖ ስለሚፈስ ከሥር የተቀመጠውን አተላ ይዞ ይወጣል። የማፍሰሻውን ብሎን ፈትቶ ጥቁሩን ዘይት በድስት ተቀበለ። ይህ ሞዴል እንደ መኪና የወረቀት ፊልትሮ የለውም። ዘይቱን የሚያጣሩት አንድ የሽቦ ወንፊትና በዘንጉ ጫፍ ላይ እየተሽከረከረ ቆሻሻውን ወደ ግድግዳው የሚለጥፍ ክብ ሳህን ናቸው። ብዙ ባለቤቶች ዘይቱን ይቀይራሉ እንጂ እነዚህን ሁለቱን ከፍተው አያጸዱም። ባለአደራው ሲከፍታቸው ሳህኑ በግራጫ ጭቃ ተሞልቶ አገኘው። ግራጫው ጭቃ የተለመደ የመፋጨት ውጤት ነው፤ የሚያስፈራው በወንፊቱ ላይ የሚያብለጨልጭ የብረት ቅርፊት ነው። እርሱ አልነበረም። አልሐምዱሊላህ ብሎ ወንፊቱን አጥቦ መለሰው።

አዲስ የተሞላው ዘይት አንድ ሊትር የማይሞላ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። በሞተር ሳይክል ውስጥ ፍሪሲዮኑ የሚሠራው በዚያው የሞተር ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። አንዳንድ የመኪና ዘይቶች ደግሞ መፋተግን ለመቀነስ የተጨመረባቸው ቅመም ስላላቸው ፍሪሲዮኑን ያንሸራትቱታል። ስለዚህ በቆርቆሮው ላይ ጃሶ ኤምኤ የሚል የሞተር ሳይክል ደረጃ መኖሩን ማየት ይገባል። የማፍሰሻውን ብሎን ሲመልሱም ጉልበት መቆጠብ ያስፈልጋል፤ ብሎኑ ብረት፣ የሚገባበት ገላ ግን አልሙኒየም ነውና ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ጥርሱ ይላጫል።

አሮጌው ዘይት በላስቲክ ጀሪካን ተከድኖ ለዘይት መሸጫው ተመለሰ። ወደ አሸዋ ወይም ወደ ፍሳሽ መስመር የሚደፋ አንድ ሊትር የተቃጠለ ዘይት እስከ አንድ ሚሊዮን ሊትር ውሃ ሊበክል እንደሚችል የአካባቢ ጥበቃ ተቋማት ዘወትር ያስጠነቅቃሉ።

ካንዴላው የሚናገረው

ከሰዓት በኋላ ካንዴላው ተፈታ። በጂዳ ጋራዦች ቡጂ የሚባለው ይህ ትንሽ ዕቃ ለሚያነበው ሰው የሞተሩ የጤና ወረቀት ነው። ጫፉ የቡና ወተት መልክ ካለው ቃጠሎው ልክ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቷል ወይም የአየር ማጣሪያው ታፍኗል። በዘይት ከረጠበ የፒስተኑ ቀለበት ወይም የቫልቩ መያዣ አልቋል። ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ደግሞ ሞተሩ ከመጠን በላይ እየጋለ ነው። የዚህኛው መልክ ደረቅ ጥቁር ነበር። ምክንያቱም ብዙም ሳይቆይ ተገኘ፤ የአየር ማጣሪያው ስፖንጅ የጂዳን አቧራ ጠጥቶ ጠንክሯል። ስፖንጁ በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በጥቂት ዘይት ታሽቶና ተጨምቆ ወደ ቦታው ተመለሰ። አዲሱ ካንዴላም ክፍተቱ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር መሆኑ ተለክቶ ገባ።

ካርቡራተሩ የበለጠ ትዕግሥት ጠየቀ። ሞተሯ ባለቤቷ ከሄደ ጀምሮ ለሳምንታት ቆማ ስለነበር፣ በውስጧ የቀረው ቤንዚን ተንኖ ሙጫ የመሰለ ነገር ትቷል። ከፀጉር ብዙም የማይወፍረው የሚኒሞ ቀዳዳ ተደፍኖ ስለነበር ሞተሩ ጋዝ ካልተሰጠው ይጠፋ ነበር። እንዲህ ያለውን ቀዳዳ በብረት ሽቦ ወይም በመርፌ መጎርጎር ያሰፋዋል፤ የሰፋ ቀዳዳ ደግሞ ዳግመኛ አይጠብም። ባለአደራው ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር መዝዞ፣ በቤንዚን ነክሮ ቀስ ብሎ አሳለፈ። መዳብ ከነሐስ ስለሚለሰልስ ቀዳዳውን አይጎዳም።

የቫልቮቹ ልክ ለማግሥቱ ማለዳ ተተወ፤ የሚለካው ሞተሩ ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ አድሮ ነውና። በዚህ ሞዴል የሁለቱም ቫልቮች ክፍተት 0.08 ሚሊ ሜትር ነው። ፒስተኑ ከላይ ጫፍ ላይ መድረሱ በጎማ መሰሉ ክብ ብረት ላይ በተቀረጸው የቲ ምልክት ይታወቃል። ነገር ግን ምልክቱ በሁለት ዙር ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ፣ ሁለቱም ቫልቭ ገፊዎች በእጅ ሲነኩ የሚላሉበትን ጊዜ መምረጥ ግድ ነው። ከዚያም በስስ ብረት ቅጠሎች የተሠራው መለኪያ በመካከል ይገባል፤ ቅጠሉ ሲጎተት በቀላሉ ይዞ የሚለቅ ከሆነ ልኩ ተገኝቷል። ላልቶ የሚንቀጫቀጭ ቫልቭ ጆሮ ይረብሻል፤ ከልክ በላይ የጠበቀ ቫልቭ ግን ድምፅ ሳያሰማ ይቃጠላል። ስለዚህ ዝም ያለ ሞተር ሁሉ ጤነኛ አይደለም።

ሕይወት የሚያርፍባቸው ክፍሎች

ሁለተኛው የሥራ ቀን ለካቴናው፣ ለፍሬኑና ለጎማው ዋለ። ሞተር ሲበላሽ ሰው በእግሩ ይሄዳል፤ እነዚህ ሦስቱ ሲበላሹ ግን ወደ ቤቱ ላይመለስ ይችላል።

ካቴናው በነጭ ጋዝ ታጥቦ ጥርሶቹ ታዩ። ጥርሱ እንደ መንጠቆ ወደ አንድ ወገን ከተቆለመመ ካቴናውም ጥርሱም አብረው መቀየር አለባቸው። የእነዚህ ገና ቀጥ ያሉ ነበሩ። የካቴናው ልል የሚለካው በታችኛው መስመር መካከል ላይ ሲሆን፣ ጎማውን እያዞሩ በጣም የሚወጠርበትን ቦታ ፈልጎ እዚያ ላይ መለካት ይገባል። ሲወጠርም በግራና በቀኝ ያሉት ምልክቶች እኩል መሆን አለባቸው፤ አለዚያ የኋላው ጎማ ጠሞ ይሄዳል። የካቴናው መጋጠሚያ ቅንጥብ አዲስ ተገዛ። ይህች ቅንጥብ ስትገባ የተዘጋው ጫፏ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለበት፤ ተገልብጣ ከገባች አንድ ጠጠር ሊያስወልቃት ይበቃል።

የፍሬኑ ሸራ ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ አልሞላም ነበር። የፊቱም የኋላውም በአዲስ ተተካ። የከበሮው ውስጥ አቧራ በትንፋሽ ወይም በኮምፕሬሰር አልተነፋም፤ በእርጥብ ጨርቅ ተጠረገ እንጂ። በድሮ ሸራዎች ውስጥ ሳንባ የሚጎዳው አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል ይህ ጥንቃቄ አይታለፍም።

በጎማው ጎን ላይ ከተጻፉት ቁጥሮች መካከል አራት አሃዝ ያለው የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራል። ለምሳሌ 2315 ማለት በ2015 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። በባሕረ ሰላጤው ፀሐይ ጎማ የሚያረጀው በጉዞ ብቻ ሳይሆን በመቆምም ነው፤ ጥርሱ ሳያልቅ ጎኑ ይሰነጠቃል። የዚች ሞተር ጎማዎች ባለቤቷ በቅርቡ የቀየራቸው በመሆናቸው ስንጥቅ አልታየባቸውም።

ከዐስር ሶላት በኋላ ሞተሯ ተነሳች። በሁለተኛው ርግጫ ያዘች፤ ያለ ጋዝም ጸጥ ብላ ቆመች። የግቢው ነዋሪዎች ከየክፍላቸው ወጥተው ዙሪያዋን ከበቡ። ወጪው ተደምሮ 165 ሪያል ነበር። 2,200 ሪያሉ በእጅ የገባ ያህል ታየ።

ከመቀመጫው ሥር

በዚያው ምሽት፣ የቀረችውን ጥቂት ቦታ ለማጽዳት ባለአደራው መቀመጫውን አወረደ። በግራ በኩል፣ የኋላው አሞርዛቶሬ ከቴላዮው ጋር በሚገናኝበት ቱቦ ላይ ያለው ቀለም ከሌላው ደመቅ ያለ ሆኖ አገኘው። በብርጭቆ ወረቀት ሲያሸው ከሥሩ የተከመረ አሮጌ ብየዳ ወጣ። ከብየዳው ጠርዝ አጠገብም እንደ ክር የቀጠነ የዝገት መሥመር ታየ።

ምናልባት ጭረት ይሆናል ብሎ አልተወውም። ከኮምቦልቻ መካኒክ የተማረውን ዘዴ አስታወሰ። ቦታውን በነጭ ጋዝ አርሶ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ አጥብቆ ጠረገው። በላዩም የተፈጨ ጠመኔ ነሰነሰ። ላይ ላዩን ብቻ ያለ ጭረት ሲጠረግ ይደርቃል፤ ስንጥቅ ግን የጠጣውን ፈሳሽ መልሶ ወደ ጠመኔው ይተፋዋል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በነጩ ዱቄት ላይ አንድ ጥቁር መሥመር ተሰመረ። ርዝመቱ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ነበር።

ነገሩ ግልጽ ነው። መጥፎ ብየዳ በአጠገቡ ያለውን ብረት በሙቀት ያደክመዋል፤ መንገዱ ባናወጠው ቁጥር ስንጥቁ በዚያ በደከመው ሥፍራ ይረዝማል። አንድ ሰው ብቻ ሲነዳው ለብዙ ወራት ሊቆይ ይችላል። ከኋላ ሰው ተጭኖ ጉድጓድ ሲገጥመው ግን ቱቦው ሊቆረጥ ይችላል። ሱዳናዊው ገዥ ደግሞ ሞተሯን የሚፈልጋት ወደ ሥራው ለመሄድ ብቻ እንዳልሆነ ተናግሯል፤ ማታ ማታ ልጁን ወደ ቁርኣን ሒፍዝ ሐለቃ ሊያደርስባትም ነበር።

አንድ ጣሳ ጥቁር ቀለም ከአሥር ሪያል አይበልጥም። መቀመጫው ሲመለስ ማንም አያየውም። ገዥው የሚሰማው የሞተሩን ድምፅ ነው፤ ድምፁ ደግሞ ያለ ነቀፋ ነበር።

የወኪል እጅ፣ የገዥ መብት

ጉዳዩ በእስልምና የንግድ ሕግ ዘንድ ስም ያለው ነው። የሚሸጥን ዕቃ የታወቀ ጉድለት መደበቅ ጊሽ፣ ማለትም ማጭበርበር በመሆኑ ሐራም ነው። ከሽያጩ በፊት የነበረ ጉድለት በኋላ የተገለጠለት ገዥም ዕቃውን የመመለስ መብት አለው፤ ይህም ኺያር አል-ዐይብ ይባላል። አራቱ መዝሀቦች ይህን መብት በመቀበል ይስማማሉ፤ የሚለያዩት ገዥው ዕቃውን ይዞ የዋጋ ልዩነት መጠየቅ ይችላል ወይስ አይችልም በሚለውና በመሳሰሉት ዝርዝሮች ነው።

በዚህኛው ጉዳይ ግን አንድ ተጨማሪ ክብደት ነበረ። ሻጩ ባለቤት አይደለም፤ ወኪል ነው። የወኪል እጅ የአማና እጅ ነው። ካላጠፋና ቸል ካላለ በእጁ ለጠፋው ዕቃ አይጠየቅም፤ ዳሩ ግን የወከለውን ሰው ጥቅም መጠበቅ አለበት። በገዛ ንብረቱ ቢሆን ኖሮ ባለአደራው ዋጋውን ቀንሶ ሕሊናውን ማሳረፍ ይችል ነበር። የሌላውን ሰው ቆርቆሮ ግን በራሱ ውሳኔ መቀነስ አይችልም። ሞተሯን ደብቆ ቢሸጥ ገዥውን ይበድላል፤ ሳይጠይቅ ዋጋ ቢቀንስ ወዳጁን ይበድላል። የቀረው መንገድ አንድ ነበር፤ ስልክ መደወል።

ወዳጁ የብየዳውን ነገር አያውቅም ነበር። ሞተሯን ከሰባት ዓመት በፊት የገዛት እርሱም ከሌላ ሰው ነው፤ በቀለሙ ሥር ያለውን የነገረው አልነበረም። መጀመሪያ የጠየቀው ቢያንስ አንድ ዓመት አትቆይም ወይ ብሎ ነበር። ሰባት ዓመት ተሸክማኛለች አለ። ማገሩ መመታቱን፣ አናጢው ቆርቆሮውን እየጠበቀ መሆኑንም ነገረው። ባለአደራው አልተከራከረም፤ የገዥውን ልጅ ጉዳይ ብቻ ነግሮት ዝም አለ። ጥሪው ያለ ውሳኔ ተዘጋ።

ከዒሻ ሶላት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ወዳጁ ከባለቤቱ ጋር ተማክሮ ነበር። ለሰውየው እንዲያሳየው፣ ዋጋውንም እንደሚሆነው እንዲጨርሰው ነገረው። ከዚያ በላይ አልተናገረም፤ ባለአደራውም አልጠየቀም።

አራተኛው ቀን

ገዥው በማግሥቱ ገንዘቡን ይዞ መጣ። መቀመጫው እንደተነሳ ነበር፤ ጠመኔውም አልተጠረገም። ባለአደራው ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ጥቁሩን መሥመር አሳየው። ሱዳናዊው ቁጢጥ ብሎ ለረጅም ጊዜ አየው። ቀጥሎም በድምፁ ብቻ ሊገዛት መጥቶ እንደነበረ ተናገረ፤ አላህ ይመንዳህ ሲልም በዐረብኛ መረቀው።

ሽያጩ ግን አልፈረሰም። ገዥው ሦስት ነገር ጠየቀ። አንደኛ፣ አሮጌው ብየዳ ፈቃድ ባለው የብየዳ ቤት ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ እንዲወጣና ቱቦው በውስጡ ማጠናከሪያ ገብቶለት በአዲስ እንዲበየድ፤ ሁለተኛ፣ ሞተሯ ፈህስ የሚባለውን የቴክኒክ ምርመራ እንድታልፍ፤ ሦስተኛ፣ የብየዳውን ወጪ እርሱ ችሎ ከዋጋው 500 ሪያል እንዲቀነስለት። ባለአደራው የወዳጁን ፈቃድ አስቀድሞ አግኝቷልና ተስማማ። ቤቶቹ ከበዓሉ በኋላ ሲከፈቱ ብየዳው ተሠራ፤ ሞተሯም ምርመራውን አለፈች። ስሙ ተዛውሮ 1,700 ሪያል ተከፈለ።

ባለአደራው ሒሳቡን በአንዲት ገጽ ጻፈው፦ የዘይቱን፣ የካንዴላውን፣ የሸራውን፣ የቅንጥቧን ዋጋ ከነደረሰኛቸው። የጉልበቱን ዋጋ አላሰበም። 165 ሪያሉንም ሊተወው ፈልጎ ነበር፤ ወዳጁ ግን ለወኪል የወጣ ወጪ ይመለሳል ብሎ አጥብቆ እምቢ አለ። 1,535 ሪያል ተላከ፤ የሒሳቡ ገጽም ፎቶ ተነስቶ አብሮ ሄደ።

ከደቡብ ወሎ የተመለሰው ፎቶ የደረሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሁለቱ ክፍሎች አዲስ ቆርቆሮ ለብሰዋል። ማድ ቤቱ ግን ባዶ ማገሩን እንዳሳየ ቆሟል፤ ገንዘቡ አልበቃም። ለዚህ ክረምት በሣር ይከደናል፣ ኢንሻአላህ የከርሞ ሰው ይበለን የሚል ቃል ከፎቶው ሥር ሰፍሯል።

በግቢው ውስጥ የዒዱ ዕረፍት ካለቀ ቆይቷል። ከግንቡ ጥላ ሥር ግን በየጁሙዓው ካርቶን ይዘረጋል። አንድ ጊዜ የጎረቤት ሞተር፣ አንድ ጊዜ የሥራ ባልደረባ ብስክሌት ይመጣል። ባለአደራው ቁልፉን ከማንሳቱ በፊት መቀመጫውን አውርዶ ከሥሩ ያለውን ቱቦ በጣቱ ይዳስሳል። የጠመኔዋ ቁራጭም ከመሣሪያዎቹ ጋር በዚያው ከረጢት ውስጥ ትቀመጣለች።